ቅጠሉ ስለበዛ መድኃኒቱ አይበዛም

ከሐዋሳ ወጣ ብለው በሶብላ የሚያለሙ አንዲት እናት ያሳዩኝ ማሳ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። «ልጄ፣ ቁመቱን አየህልኝ?» አሉኝ በኩራት። እውነትም ዘንፋላ ነበር። ግን አንጓውና አንጓው ከወትሮው በላይ ተራርቋል፤ ቅጠሉም ገርጥቷል። ነጋዴ «የእድገት ሆርሞን» ብሎ የሸጠላቸው ጂበረሊን ነበር። ከዚያ ማሳ በእንፋሎት የወጣው ዘይት ካምናው አነሰ። እሳቸው የጠረጠሩት ዘይት ማውጫውን ነው። ማውጫው ግን ምንም አልሆነም።

ሆርሞን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በልቡ የያዘው ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ምግብ ነው፤ ሆርሞን ግን ተክሉ ያለውን ምግብ በምን ላይ እንደሚያውለው የሚያዝ መልእክት ነው። ጂበረሊን የሚያዘው መርዘምን ነው። ጃፓናዊው ኤይቺ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ የሩዝ ቡቃያ ያለ ልክ ተመዝዞ የሚወድቀው በላዩ የሚኖረው ፈንገስ በሚያመነጨው፣ ኋላ ጂበረሊን በተባለው ነገር ነው። ታዲያ መርዘምን የሚያዝ ነገር እየረጩ ዘይት መጠበቅ ከየት የመጣ ነው?

ደጋግሜ የምናገረው፣ ተደጋግሞም የሚዘነጋው ይህ ነው፦ ተክሉ መድኃኒቱን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። የበሶብላን ቅጠል ገልብጣችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታያላችሁ፤ እያንዳንዳቸው አራት ሴሎች በአናታቸው ላይ የተገጠሙላቸው እጢዎች ናቸው። ሊናሎልና ዩጂኖል የሚጠራቀሙት እዚያ ነው፤ ሥራቸውም ተባይን መመከት ነው። ትል ቅጠሉን ሲገምጠው ጃስሞኔት የተባለው ሆርሞን ይነሣል፤ የመከላከያውን ሥራ የሚያስጀምረው እሱ ነው። በዚያው ልክ እድገትን ይገታል። ጂበረሊንና ጃስሞኔት በተክሉ ውስጥ የሚገፋፉ ትእዛዞች ናቸው።

ይህን የሰማ ደግሞ ወዲያው «እንግዲያው ጃስሞኔት ስጡን» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ታክሰስ ከተባለው ዛፍ በተወሰዱና በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሴሎች ላይ ሜቲል ጃስሞኔት ጨምረው የካንሰር መድኃኒት የሆነውን ፓክሊታክሰል በብዙ እጥፍ አሳድገዋል። ያ ግን የላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ነው። ማሳ ላይ መጠኑ ካለፈ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። የዘይቱ መጠን በመቶኛ በሩብ ጨምሮ ቅጠሉ በግማሽ ከቀነሰ ትርፉ የት አለ? የሚረጭ ካለ ተክሉ ቅጠሉን ከገነባ በኋላ፣ አጨዳው ሲቃረብ፣ በትንሽ መደብ ላይ ሞክሮ ይርጭ። ለሁሉም የሚሆን ልክ የለም። ያው ጂበረሊን እንኳ አርቴሚሲያ አኑዋ በተባለው ተክል ላይ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ከፍ ያደረገባቸው ሙከራዎች አሉ። «ሆርሞን ለመድኃኒት ተክል ይበጃል ወይስ አይበጅም?» ተብሎ በጥቅሉ ስጠየቅ የሚታክተኝም ለዚህ ነው። የቱ ሆርሞን? ለየትኛው ተክል? በስንት ቀኑ?

ደግሞስ የትምባሆ ገበሬ ኒኮቲኑን ለመጨመር ሆርሞን ይገዛል? አበባ ሊይዝ ሲል ጫፉን በእጁ ይቀነጥባል። ከጫፉ ይወርድ የነበረው ኦክሲን ይቀንሳል፣ ቁስሉ ጃስሞኔትን ያስነሣል፣ ሥሩ ኒኮቲን እያመረተ ወደ ቅጠሉ ይልካል። እንዶድንም እናውቀዋለን። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱን ያስተዋሉለት ይህ ተክል ሳፖኒኑ የሚበረታው ፍሬው በስሎ ሲያምር ሳይሆን ገና አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም ነው። ለዓይን የሞላው ፍሬ በኃይሉ ያንሳል።

ቅጠል በኪሎ እየተመዘነ እስከተሸጠ ድረስ ግን ቁመት በሚፈልግ አምራች አልፈርድም። በሌላ የሚከፍለው አላገኘማ። ገዥዎች የዘይቱን ወይም የመድኃኒቱን መጠን አስመርምረው በዚያ ይክፈሉ፤ የነጋዴው ጠርሙስ ያኔ ገበያ ያጣል። ናሙናውም ከጫፍ ከጫፉ ብቻ አይቆረጥ። ለጋ ቅጠል ላይ እጢዎቹ ስለሚቀራረቡ ውጤቱ የማሳውን ሳይሆን የቀንበጡን ነው የሚናገረው። ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ተወስዶ ይደባለቅ።