ተጨማሪ መረጃ፦ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች
በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ሰው ሲገደል ጠቡ በሁለት ሰው አያበቃም፤ የሟች ወገን ደም ሊመልስ ያደባል፣ የገዳይ ዘመድ እርሻውን ጥሎ ይሸሻል። ይህን የሚያቋርጡት መሣሪያ ያልያዙ ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው። መስቀል ይዘው በሟች ቤተሰብ ደጅ ይቆማሉ፤ ቢመልሷቸውም ደግመው ይሄዳሉ። እሺታ ሲገኝ የገዳይ ወገን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ሁለቱም ዳግም ላይፈላለጉ ይማማላሉ። አንዳንዴም ልጅ ለልጅ አጋብተው ደም ያደርቃሉ (ሙሽራዪቱን ግን ማን ጠየቃት?)።

እርቁ ክሱን አያስቀርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ፣ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ የሟች ወንድም መንገድ ላይ እንዳይጠብቀው የሚያደርገው ግን እርቁ ነው።