ፊዚክስ ከአጠና ተራ

ኮልፌ አጠና ተራ ጥግ ይዞ ተሸካሚዎቹን ያስተዋለ ሰው፣ ረጅሙን የባሕር ዛፍ አጠና ትከሻቸው ላይ ሲያወጡ መሃሉን ለክተው እንደማይዙት ያያል። ወፍራሙ ወገን አጠር፣ ቀጭኑ ወገን ረዘም ብሎ ነው ትከሻ ላይ የሚያርፈው። አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ገፋ ያደርጉትና መድፋቱን ሲተው ጉዞ ይጀምራሉ። ሜትር ያወጣ የለም። ያገኟት ነጥብ ግን የፊዚክስ መጽሐፍ «የስበት ማዕከል» የሚላት ናት፤ የዕቃው ክብደት በሙሉ እዚያ እንደተጠራቀመ የሚቆጠርባት ቦታ።

የአዲስ አበባ ተማሪ በአብዛኛው ሳይንስን እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ከመሻገሩ በፊት ነገሩ በእጁ ከገባው፣ ኋላ የሚጠብቀው አዲስ ስም ብቻ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ዕቃ ይበቃል። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ ልጁ ከመሞከሩ በፊት ይገምት፣ ግምቱንም ጮክ ብሎ ይናገር። ያልገመተ ልጅ ውጤቱን አይቶ «እሺ» ብሎ ያልፋል።

በመጥረጊያ እንጀምር፤ እጀታው ረጅም በሆነው። ልጁ ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን ዘርግቶ መጥረጊያውን በአግድም ያሳርፍባቸው፤ አንዱ ጣት እጀታው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ብሩሹ አጠገብ። ከዚያ ጣቶቹን ቀስ እያለ ያቀራርብ። የት ይገናኛሉ? «መሃል» የሚል ልጅ አይጠፋም። የሚገናኙት ግን ወደ ብሩሹ ተጠግተው ነው፤ መጥረጊያውም ሳይወድቅ እዚያው ተመዝኖ ይቀራል። ቦታ ቀይሮ ይጀምር፣ አንዱን ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ይሞክር፣ ዓይኑን ይጨፍን፤ መገናኛው ያው ነው። ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ወደ ስበት ማዕከሉ የቀረበው ጣት ብዙውን ክብደት ስለሚሸከም ሰበቃው በርትቶ ይያዛል፤ የራቀው ጭነቱ ስለሚቀልለት ይንሸራተታል። ተንሸራትቶ ሲቀርብ ደግሞ መያዙ የእርሱ ተራ ይሆናል። እንዲህ እየተፈራረቁ ሁለቱም ከማዕከሉ ሥር ይደርሳሉ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አዋቂንም ያሳስታል። መጥረጊያውን እዚያች ነጥብ ላይ በመጋዝ ብንቆርጠው የትኛው ቁራጭ ይከብዳል? ለዚህ ሲባል መጥረጊያ አይበላሽም፤ ካሮት አለ። ካሮቱን በክር አንጠልጥሎ በአግድም የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ፣ እዚያው ላይ መቁረጥ፣ ሁለቱን ቁራጮች የባለሱቁ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ወፍራሙ ይከብዳል። «ተመዝኖ ቆሞ አልነበር? ታዲያ እንዴት እኩል አይሆንም?» ያለ ልጅ ትልቁን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። ሚዛንን የሚወስነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከመደገፊያው ያለው ርቀትም ነው፤ ቀላሉ ወገን ራቅ ብሎ ስለሚቆም ከባዱን ይቋቋመዋል። እኩል እየሾለ ሄዶ ጫፉ ላይ የሚያልቅ ካሮት ቢገኝ፣ የሚመዘንበት ነጥብ ከወፍራሙ ጫፍ የቁመቱ ሩብ ላይ ነው፤ ከክብደቱ 58 በመቶ ያህሉም በዚሁ በአጭሩ ወገን ይቀራል። ግሪካዊው አርኪሜዲስ ይህን የርቀትና የክብደት ሕግ ከዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ በፊት በማስረጃ አስደግፎ ጽፎታል።

ቅርጹ ወጣ ገባ ለሆነ ነገር የግንበኛ ቱንቢ ያስፈልገናል። ካርቶን ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ስሎ በመቀስ መቁረጥ፣ ዳር ዳሩን ሦስት ቦታ መብሳት፣ ከዚያ በአንዱ ቀዳዳ ሚስማር ላይ ማንጠልጠል። ካርታው እንደልቡ መወዛወዝ አለበት። ከዚያው ሚስማር ጫፉ ላይ ብሎን የታሰረ ክር ይወርዳል፤ ክሩ ያለፈበትን መስመር በእርሳስ ማስመር፣ በቀሩት ቀዳዳዎችም መድገም። ሦስቱ መስመሮች አንድ ቦታ ይቋረጣሉ፤ የካርታው የስበት ማዕከል እርሱ ነው። ግምት ሲጠየቁ «አዲስ አበባ!» የሚሉ ይኖራሉ። ነጥቡ ግን ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አዳማ አቅጣጫ ነው የሚወድቀው። ካርታውን አዲስ አበባ ላይ በእርሳስ ጫፍ ብንደግፈው ወደ ምሥራቅ ይደፋል። በአንድ ከሰዓት ፊዚክስና ጂኦግራፊ አብረው ተሠሩ ማለት ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የጠርሙሱ ሙከራ ነው። ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ይዘጋጁ፦ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ያለበት፣ ሦስተኛው እስከ አፉ አሸዋ የሞላ። ጣውላ ላይ ይደርደሩ፤ እንዳይንሸራተቱም ከፊታቸው ቀጭን እንጨት ይመታ። ከዚያ ጣውላው ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ይነሣል። ማን ይወድቃል? ልጆች «ሙሉው ከባድ ስለሆነ አይወድቅም» ብለው ይወራረዳሉ። ሙሉውና ባዶው ግን ብዙም ሳይራራቁ ይወድቃሉ፤ ጥቂት አሸዋ ያለው ብቻውን ይቆያል። ክብደት ብቻውን አያጸናም፤ የሚያጸናው ክብደቱ ዝቅ ማለቱ ነው። ከስበት ማዕከሉ ቱንቢ ቢወርድ ክሩ ከጠርሙሱ መቀመጫ ውጭ ያረፈ ዕለት ጠርሙሱ ወደቀ። ሙሉው ጠርሙስ ማዕከሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ክሩ ቶሎ ይወጣበታል። በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ መንገድ የሚወጣ፣ ጭነቱ ከጋቢናው በላይ የተከመረ አይሱዙ ኩርባ ላይ ለምን እንደሚያስፈራ ልጁ ከእንግዲህ ራሱ ያስረዳል።

ትልልቆቹ ተማሪዎች ዘንድ ሲደረስ አክሱምን ማንሣት ተገቢ ነው። 33 ሜትር የሚረዝመውና 520 ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ይገኛል፤ ብዙ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የወደቀው እየተተከለ ሳለ ነው ብለው ያምናሉ። ለቁመቱ የተተወለት ሥር አጭር ነበር። 24 ሜትሩ ሐውልት፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው፣ በ2008 ሲተከል ግን በዘመናዊ መሐንዲሶች ስሌት ቆመ።

የራስ አካል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ልጁ ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ይቁም፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ ከፊቱ የተቀመጠ ሳንቲም ለማንሣት ያጎንብስ። አይችልም፤ ወደፊት ይደፋል። ስናጎነብስ ሳናውቀው መቀመጫችንን ወደኋላ እንገፋለን፤ ግድግዳው ያንን ከለከለው። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ጎንበስ ብለው የሚሄዱትም በዚሁ ሕግ ነው። ከጀርባ ያለው ሸክም የጋራ ማዕከሉን ወደኋላ ስለሚስበው፣ ሰውነት ወደፊት ካላዘነበለ ቱንቢው ከእግር ላይ ይወጣል። ደብተር የታጨቀ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ጎኑን በመስታወት አይቶ ይህን ማረጋገጥ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያነቡ ከሆነ እርስዎም ይሞክሩ። ጀርባዎን ቀጥ፣ እግርዎን ከጉልበትዎ ሥር አድርገው፣ ወደፊት ሳያዘነብሉና በእጅዎ ሳይደገፉ ለመነሣት ይታገሉ። አይነሡም።