ብረት ድስት ብረት ነው?

በየቤታችን ነጭና ቀላል ድስት አለ። ብረት ድስት እንለዋለን። ነገር ግን ብረት አይደለም። ማረሻ ብረት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይዝጋል። ይህ ድስት ግን እንደ ማረሻ አይዝግም። ስሙ አልሙኒየም ነው።

አልሙኒየም በአፈርም በድንጋይም ውስጥ አለ። ከእህልና ከውሃ ጋር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንውጠዋለን። ታዲያ ለምን አንታመምም? ከምንውጠው አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከመቶው አንድ እጅ እንኳ ወደ ደም አይገባም። የገባውንም ኩላሊት እያጣራ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው።

ወንፊቱ ቢበላሽስ? በውጭ አገር የደረሰ ነገር ይህን ያስተምረናል። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል። ለአንድ ጊዜ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ያስፈልጋል። ድሮ በአንዳንድ ከተሞች ይህ ውሃ አልሙኒየም ነበረበት። ሕሙማኑ የሚውጡት መድኃኒትም አልሙኒየም ነበረበት። ሕሙማኑ አንደበታቸው ተሳሰረ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አእምሯቸው ተናወጠ። የአንዳንዶቹም አጥንት እየሳሳ ተሰበረ። ብዙዎች ሞቱ። በ1968 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በዴንቨር ከተማ፣ ሐኪሞች የሟቾችን አንጎል መረመሩ። አልሙኒየም ተከማችቶ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የእጥበቱ ውሃ በደንብ እንዲጣራ ተደረገ። በሽታውም እጅግ ቀነሰ።

እኛስ ምን እናድርግ? ጤነኛ ሰው ድስቱን አይጣል። ነገር ግን ኮምጣጣ ነገር አልሙኒየምን ያሟሟል። ስለዚህ ሎሚ ወይም ቲማቲም የበዛበት ወጥ በድስቱ ውስጥ አይደር። እንደበሰለ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ። ሊጥም ሲቦካ ይኮመጥጣል፤ ቀንና ሌሊትም ይቆያል። ስለዚህ በአልሙኒየም ዕቃ ባይቦካ ይመረጣል።

ከሁሉ ይልቅ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ይጠንቀቅ። ለቃር ከሚዋጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አልሙኒየም አለባቸው። ለጎረቤት የተስማማው ለእሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመዋጡ በፊት፣ «እኔ ኩላሊቴን ያመኛል» ብሎ ለጤና ባለሙያ ይንገር። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ይንገር።

እንወያይበት፦
1. በቤታችሁ ሊጥ የሚቦካው በምን ዕቃ ነው?
2. ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ከጤነኛው ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ለምንድን ነው?