የኮሌጅ ሴቶች የቴኒስ ሻምፒዮና እንዴት ተወለደ?

ቢላ፣ ነጆ ወይም ጊምቢ ላይ ስፖርት ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው እግር ኳስና ሩጫ ነው። የሜዳ ቴኒስን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። እዚያ ከምናያቸው ሴት ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ከኮሌጅ ሜዳ የወጡ ናቸው። በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ የደረሰችው ዳንኤሌ ኮሊንስ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች በ2014 እና በ2016 የአሜሪካ ኮሌጆችን የነጠላ ሻምፒዮና አሸንፋለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሻምፒዮና የማስተዋውቃችሁ፣ ለሴት ተማሪዎች ዋንጫ ለማቆም ሕግ፣ ክስና ገንዘብ ምን ያህል እንዳስፈለገ እንደ እሱ አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ስለማላውቅ ነው።

የወንዶቹ የኮሌጅ ውድድር የጀመረው በ1883 ነው። ሴቶቹ አገር አቀፍ የነጠላ ውድድር ያገኙት በ1958 ሲሆን፣ ሴንት ልዊስ ከተማ ባለው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፖሞና ኮሌጇ ዳርሊን ሃርድ አንደኛ ወጣች። ሃርድ ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረንሳይንም የአሜሪካንም ሻምፒዮና በነጠላ ወስዳለች። ችሎታ ሞልቶ ነበር፤ የታጣው የሚደግፍ እጅ ነው። ቢሊ ጂን ኪንግ በ1961 ገና በ17 ዓመቷ ዊምብልደንን በጥንድ አሸንፋ ሎስ አንጀለስ ስቴት ኮሌጅ ስትገባ፣ የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል የሚባል ነገር አልተሰጣትም። እየሠራች ተማረች። በዚያው ከተማ ወንዱ ተጫዋች አርተር አሽ ግን በቴኒሱ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዩሲኤልኤ የተባለ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1965 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ።

በ1971 የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የሆኑ ሴቶች ኤአይኤደብሊው የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በሴቶች ይመራ ነበር፤ በኋላም ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ኮሌጆችን አቀፈ። መሥራቾቹ በወንዶቹ ስፖርት ተጫዋች ለማግኘት የሚደረገውን ሽሚያና የገንዘብ ብልሹነት አይተው ስለነበር፣ በስፖርት ችሎታዋ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘች ተማሪ እንዳትወዳደር ከለከሉ። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ ክልከላው ግን የጎዳው ሴቶቹን ራሳቸውን ነው። ይህን ሊቋቋሙት ያልቻሉት የቴኒስ ተጫዋቾች ነበሩ። በፍሎሪዳ የሜሪማውንት ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ ፒቺ ኬልማየር፣ በ1973 ከቴኒስ ተጫዋቾች ጋር ሆነው ማኅበሩን ከሰሱ። እሳቸው ራሳቸው ተማሪ ሳሉ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ከወንዶቹ ቡድን ጋር የተጫወቱ ሴት ናቸው። ማኅበሩም በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጠ።

ክሱ ጉልበት ያገኘው ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣው ታይትል ናይን ከተባለው ሕግ ነው። ሰኔ 1972 የጸደቀው ይህ ድንጋጌ በእንግሊዝኛው 37 ቃላት ብቻ ነው፤ ስፖርት የሚል ቃልም የለበትም። የሚለው፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ተቋም ማንም ሰው በጾታው ምክንያት አይገለል ነው። ኮሌጆች ለሴቶች ቡድን በጀት መመደብ የጀመሩት በዚህ ሕግ ግፊት ነው።

ቀድሞ የወንዶችን ውድድር ብቻ ይመራ የነበረው ትልቁ ማኅበር ኤንሲኤኤ፣ የሴቶቹን ስፖርት ማደግ ሲያይ በ1981 የራሱን የሴቶች ሻምፒዮና ለመጀመር ወሰነ። ገንዘብና የቴሌቪዥን ውል ስለነበረው ኮሌጆቹ ወደ እሱ ጎረፉ። በዚህ የተነሳ በ1982 አሜሪካ ሁለት የኮሌጅ ሴቶች የቴኒስ ቡድን ሻምፒዮኖች ነበሯት፦ በኤአይኤደብሊው ኢንዲያና፣ በኤንሲኤኤ ደግሞ ስታንፎርድ። ስታንፎርድ በሶልት ሌክ ሲቲ ዩሲኤልኤን 6 ለ 3 አሸንፎ ነው ዋንጫውን ያነሳው። የሴቶቹ ማኅበር ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ተሸነፈና ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰንጠረዥ ታሪክ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ዋንጫው ከሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከስታንፎርድና ከዩኤስሲ እጅ አልወጣም፤ ከ1986 እስከ 1991 ስታንፎርድ ስድስቱንም ወሰደ። በ1992 ፍሎሪዳ ነጠቃቸው። ስታንፎርድ እስከ 2019 ድረስ 20 ዋንጫ ሰብስቧል።

ጨዋታው ራሱ ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። መጀመሪያ ሦስት ጥንዶች በሦስት ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ጌም ይጫወታሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ ስድስት የነጠላ ግጥሚያዎች ጎን ለጎን ይጀመራሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ አለው። አራት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ቡድን አሸናፊ ነው። 40 እኩል ሲሆኑም እንደ ሌላው ቴኒስ በሁለት ነጥብ መብለጥ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው አንድ ኳስ ጌሙን ይዘጋዋል። ኳሱን የምትቀበለው ተጫዋች ከቀኝ ወይም ከግራ ልቀበል የሚለውን ትመርጣለች። ውጤቱ 3 ለ 3 ሲሆን የሁለት ቡድኖች የዓመት ልፋት ባልተጠናቀቀው በአንዱ ሜዳ፣ በአንዲት ተማሪ ራኬት ላይ ያርፋል።

ሴቶቹ ያተረፉት ብዙ ነው፤ ያጡትም አለ። በ1972 በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶችን ቡድን ከሚያሠለጥኑት ከመቶ ዘጠናው በላይ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ስታንፎርድ በዚህ ረገድ ከብዙዎች ይለያል፦ ከ20ዎቹ ዋንጫዎች አሥሩን በአሠልጣኝነት ያስገኙት ሌሌ ፎሩድ፣ በ1970ዎቹ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱ ሴት ናቸው።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎች ሴት ተማሪዎችን ያስተምራል። በዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው ትምህርት ቤት የስፖርት በጀት የምትይዙ ሁሉ፣ ስፖርቱ ቴኒስም ይሁን መረብ ኳስ፣ የሴቶቹ ቡድን ገንዘብ ለብቻው ይመደብ፤ አሠልጣኝ ስትቀጥሩም ከሴት ባለሙያዎች ጀምሩ።