ከደብረ ዳሞ ገመድ እስከ ግግር በረዶ ስንጥቅ፦ ሰውን ከገደል የማውጣት ፊዚክስ

በዓዲግራትና በዓድዋ መካከል ከሚገኙት አምባዎች አንዱ ደብረ ዳሞ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ገዳም በዙሪያው በገደል የታጠረ በመሆኑ መውጫው ገመድ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ጻድቁ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ተይዘው ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ግን 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የድንጋይ ግድግዳ የሚወጡት ከጠፍር የተገመደ ወፍራም ገመድ በእጃቸው ጨብጠው፣ እግራቸውን በቋጥኙ ላይ እያሳረፉ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ሁለተኛ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርለትና ከላይ የቆሙት መነኮሳት እየሳቡ ያግዙታል።

ይህን ሥርዓት በፊዚክስ መነጽር የሚመለከት ሰው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ላይ ስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚለማመዱትን አንድ ሙያ ያስታውሳል። እርሱም በግግር በረዶ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀን ባልንጀራ በገመድ የማውጣት ሙያ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስበት ኃይል፣ ሰበቃና የገመድ ውጥረት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት ነገሮች የሰውን ሕይወት እንዴት እንደሚያጠፉና እንዴትም እንደሚያተርፉ በቁጥር አስደግፈን ለማሳየት እንሞክራለን።

ትግራይና ግግር በረዶ

«ግግር በረዶ ለእኛ አገር ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ግን ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በጂኦሎጂ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት እንደተገለጸው፣ በትግራይ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ በግግር በረዶ ተገፍተው የመጡ ድንጋዮች በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀላቅለው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ዐለትነት ተለውጠው ይገኛሉ። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ይህን ክምችት ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ የበረዶ ዘመን ጋር ያያይዙታል። በእንትጮ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ከዚያም የቀደመ፣ የ440 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የግግር በረዶ አሻራ አለ። በእነዚያ ዘመናት ምድራችን ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር አካል ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርባ ነበር። በቅርቡ የጂኦሎጂ ዘመንም የባሌና የሰሜን ተራሮች ጫፎች በግግር በረዶ ተሸፍነው እንደነበር ተረጋግጧል። ዛሬ በአፍሪካ የቀሩት ጥቂት ግግር በረዶዎች በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ የሚገኙት ሲሆኑ እነርሱም ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሱ ነው።

ስኪም ቢሆን ለኢትዮጵያውያን ፍጹም ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሎምፒኮች በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አውለብልቧል።

ስንጥቁ እንዴት ይፈጠራል?

ግግር በረዶ ሲያዩት እንደ ዐለት የረጋ ይመስላል፤ ነገር ግን በራሱ ክብደት እየተገፋ ወደ ታች ይፈስሳል። በጥልቁ ያለው በረዶ ከፍተኛ ግፊት ስላለበት እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ቅርጹን ይለውጣል። የላይኛው ንብርብር ግን ግፊት ስለሌለበት ተሰባሪ ነው። ቁልቁለቱ በድንገት ሲጨምር ወይም አንዱ ክፍል ከሌላው ፈጥኖ ሲጓዝ ይህ ንብርብር ተወጥሮ ይሰነጠቃል። የስንጥቁ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ሜትሮች ባያልፍም ሰውን ለመቅበር ከበቂ በላይ ነው። የከፋው ነገር ደግሞ ንፋስ ያመጣው አዲስ በረዶ አፉን እንደ ድልድይ ሸፍኖ ስለሚደብቀው ተጓዡ ከመውደቁ በፊት የሚያይበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ በግግር በረዶ ላይ የሚጓዙ ሰዎች በረጅም ገመድ ተያይዘው፣ በመካከላቸው ርቀት ጠብቀው ይሄዳሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ መሬት ላይ ተጥለው ይይዙታል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ጠላት ይሆናል። በስንጥቁ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ የሰውነት ሙቀትን ይቀንሳል፤ በመታጠቂያው ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰውም ደም በእግሮቹ ስለሚጠራቀም ራሱን ሊስት ይችላል። በልምምድ ያልተገራ እጅ በዚህ ሰዓት ቋጠሮ ሊቋጥር አይችልም።

ሦስት ሰዎች ለምን አንዱን መሳብ ያቅታቸዋል?

ለዶክትሬት ትምህርት በአውሮፓ በቆየንበት ወቅት ከባልንጀሮቻችን ጋር በአንድ የስኪ ጉዞ ላይ ይህን ሙያ ተለማምደናል። ከመካከላችን አንዱ ፈቃደኛ ሆኖ፣ በተጨማሪ የደኅንነት ገመድ ታስሮ ወደ ስንጥቅ ወረደ። መሪያችን ሦስታችንን በመጀመሪያ ያለ ምንም መሣሪያ እንድንስብ አዘዘን። ባለ በሌለ ጉልበታችን ብንስብም ገመዱ አንድ ስንዝር እንኳ አልተነቃነቀም። ምክንያቱን አንባቢ ራሱ በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል።

የወደቀው ሰው ከነዕቃው 80 ኪሎ ግራም ቢሆን ክብደቱ 80 × 9.8 = 784 ኒውተን ነው። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ሩብ ዙር ይታጠፋል። ገመድ በአንድ ነገር ላይ ሲጠቀለል በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው የውጥረት ንጽጽር በመታጠፊያው ማዕዘንና በሰበቃው ኮኤፊሸንት ብዜት መሠረት በኤክስፖኔንሻል ሕግ ያድጋል። የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.3 ነው ብለን ብንወስድ ለሩብ ዙር ንጽጽሩ 1.6 ይሆናል። ስለዚህ ከላይ የሚያስፈልገው ኃይል 784 ሳይሆን ወደ 1256 ኒውተን ነው። ገመዱ በረዶውን ሰርስሮ ሲገባ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ሳቢዎቹስ ምን ያህል አቅም አላቸው? በጠፍጣፋ በረዶ ላይ የቆመ ሰው ሊስብ የሚችለው በጡንቻው ልክ ሳይሆን እግሩ እስኪንሸራተት ድረስ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በጫማውና በበረዶው መካከል ያለው ኮኤፊሸንት 0.2 ቢሆን፣ ሊስብ የሚችለው 137 ኒውተን ያህል ነው። ሦስቱ ተባብረው 411 ኒውተን ገደማ ይስባሉ። በ1256 እና በ411 መካከል ያለው ልዩነት በጀግንነት የሚሞላ አይደለም።

መዘውር የሚሰጠውና የሚወስደው

መፍትሔው ገመዱን በሁለት መዘውሮች አሳልፎ የዜድ ቅርጽ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አንደኛው መዘውር በመልሕቁ ላይ ይታሰራል፤ ሁለተኛው በተወጠረው ገመድ ላይ ተይዞ ከሸክሙ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሰበቃ ባይኖር ሸክሙን ሦስት የገመድ ዘርፎች ስለሚጋሩት የሚያስፈልገው ኃይል ሢሶው ብቻ ይሆናል። ተፈጥሮ ግን በነጻ የምትሰጠው ነገር የለም፤ ሸክሙን 1 ሜትር ለማንሳት 3 ሜትር ገመድ መሳብ ግድ ነው።

በተግባር እያንዳንዱ መዘውር ከሚያስተላልፈው ኃይል ጥቂቱን ይበላል። ብቃቱ 0.9 ቢሆን ትርፉ 1 + 0.9 + 0.81፣ ማለትም 2.71 ነው። መዘውር ጠፍቶ ገመዱ በካራቢነር፣ ማለትም በስፕሪንግ በሚዘጋ የብረት ቀለበት፣ ውስጥ ቢያልፍና ብቃቱ 0.6 ቢሆን ደግሞ 1 + 0.6 + 0.36፣ ማለትም 1.96 ብቻ ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እናጠናቅቅ። መዘውር ብንጠቀምም ጠርዙን እንዳለ ብንተወው 1256ን ለ2.71 ስናካፍል 463 ኒውተን ይመጣል፤ ከሦስቱ ሰዎች አቅም በላይ ነው። በገመዱና በጠርዙ መካከል የስኪ ዘንግ አጋድመን የሰበቃውን ኮኤፊሸንት ወደ 0.1 ብናወርደው ከላይ የሚያስፈልገው ወደ 917 ኒውተን ይቀንሳል፤ ይህም በካራቢነር 468፣ በመዘውር ግን 339 ኒውተን ይሆናል። ሰውየው የሚወጣው በመጨረሻው ብቻ ነው። ጠርዙን ማለስለስ ብቻውን አይበቃም፤ መዘውሩም ብቻውን አይበቃም። እኛም በልምምዳችን ላይ ሁለቱን ባንድነት ባደረግን ጊዜ ያ አልነቃነቅ ያለው ባልንጀራችን ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን ወጣ።

ሰበቃ እንደ ወዳጅ

ሰበቃ በጠርዙ ላይ ባላንጣ ሆኖ ያስቸገረንን ያህል በሌላ ቦታ የቅርብ ረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ ያስተዋወቀው ቋጠሮ ለዚህ ምሳሌ ነው። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል። ሸክም ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል፤ ሸክሙ ሲነሳለት በእጅ እየተገፋ ይንሸራተታል። ሳቢዎቹ ለማረፍ ሲያቆሙ ሸክሙ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው እርሱ ነው። የወደቀው ሰው ካልተጎዳም በሁለት እንዲህ ባሉ ቋጠሮዎች እየተፈራረቀ ራሱን ሊያወጣ ይችላል።

ሰውን ወደ ታች ለማውረድም ቢሆን ሰበቃ ያገለግላል። ገመድ በግንድ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ኮኤፊሸንቱ 0.3 ቢሆን ንጽጽሩ ወደ 286 ይደርሳል። 784 ኒውተን የሚመዝነውን ሰው በሌላው ጫፍ ለመያዝ የሚያስፈልገው ከ3 ኒውተን ያነሰ ኃይል ነው፤ ይህም በአንድ ጣት የሚያዝ ነው።

መልሕቅና መለጠጥ

በበረዶ ላይ ዛፍም ሆነ ቋጥኝ ስለሌለ ስኪው ራሱ በአግድም ተቀብሮ መልሕቅ ይሆናል። ሁለት መልሕቆች ሸክሙን ሲጋሩ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወሳኝ ነው። በ60 ዲግሪ እያንዳንዱ 453 ኒውተን ይሸከማል፤ በ120 ዲግሪ እያንዳንዱ ሙሉውን 784 ኒውተን፤ በ150 ዲግሪ ደግሞ 1515 ኒውተን። ማዕዘኑን እጅግ ያሰፋ ሰው ሁለት መልሕቅ ይዞ ከአንድ የባሰ ሁኔታ ላይ ይወድቃል።

ገመዱም መለጠጥ አለበት። 2 ሜትር በነጻ የወደቀ ሰው ገመዱ ግማሽ ሜትር ተለጥጦ ቢያቆመው አማካይ ኃይሉ የክብደቱ 5 እጥፍ፣ ማለትም 3920 ኒውተን ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው ግን 41 እጥፍ ይሆንና ከ32 ሺህ ኒውተን ያልፋል። የተራራ ገመድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ12 ሺህ ኒውተን በላይ የሆነ ድንጋጤ ወደ ሰውየው እንዳይደርስ የሚደነግገው ስለዚህ ነው። በደብረ ዳሞ ከላይ ያለው መነኩሴ የወገቡን ገመድ ዘወትር ወጥሮ መያዙም ከዚሁ ሕግ ጋር ይስማማል፤ ገመዱ ካልላላ ነጻ ውድቀት አይኖርም።

ለእኛ የሚበጀን

በገርዓልታ አምባዎች፣ በተለይም ወደ አቡነ ይምዓታ ጉሕ በሚያወጣው ገደል፣ በየጊዜው የሚጓዙ ተማሪዎችና ምእመናን አሉ። በየመንደሩም ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ሰው በወደቀ ጊዜ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ተረባርቦ መሳብ ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ መልሕቅ ማበጀት፣ ጠርዙን በእንጨት ወይም በወፍራም ጨርቅ ማልበስ፣ የሚስቡትንም ሰዎች ከጠርዙ ማራቅና ማሰር ይገባል። በጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የታመቀ አየር አዳኙን ቀድሞ ሊገድል ስለሚችል ተከትሎ መውረድ ከቶ አይገባም።

የተነጋገርንበትን ለመሞከር በረዶ አያስፈልግም። አንድ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ተሞልቶ ወደ 196 ኒውተን ይመዝናል። ገመድ፣ ሁለት መዘውርና የስፕሪንግ ሚዛን ይዛችሁ በቤተ ሙከራችሁ በቀጥታ፣ ቀጥሎም በዜድ ቅርጽ ሳቡት። ገመዱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያም በለሰለሰ ዘንግ ላይ አሳልፋችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። ከጀሪካኑ ሥር ግን ማንም እንዳይቆም።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ከላይ ያየነው ሒሳብም ኃይል መተባበር ብቻ ሳይሆን አቅጣጫና ሥርዓት እንደሚሻ ያሳያል። ሦስት ጠንካራ ሰዎች ያልቻሉትን እነዚያው ሦስት ሰዎች በሁለት መዘውርና በአንድ ዘንግ ይችሉታል። ይህን ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእጃችን ላይም ብናኖረው፣ በአንድ ክፉ ቀን የአንድ ባልንጀራ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።