የአሮጌዋ ኮምቢ መጋረጃና ፊዚክሱ

በአራዳ የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ ለአሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢያቸው አዲስ መጋረጃ ለመስፋት ተነሥተዋል። ኮምቢ በጀርመን አገር መመረት የጀመረችው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት አልጋና ቁም ሣጥን ገጥሞ መኝታ ቤት አደረጋት። ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ሥራ ፒያሳ ወርዶ ልብስ ሰፊ ማነጋገር ይበቃ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል ሲፈርስ ግን ብዙ የቆዩ ሱቆች ከቦታው ተነሡ። ስለዚህ ጎረቤቴ ጨርቁን ከመርካቶ ገዝተው በራሳቸው ሲንጀር ሊሰፉት ቆርጠዋል።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ ቀለም ነበር። እርሳቸው ብርሃን ያግዳል ብለው ጥቁር መረጡ። ይሁን እንጂ መስታወት የሚታየውን ብርሃን ቢያስገባም፣ የሞቀ አካል የሚረጨውን ረጅም የኢንፍራሬድ ሞገድ አያሳልፍም። ጥቁሩ ጨርቅ ብርሃኑን ውጦ ይግላል፤ ሙቀቱም መውጫ አጥቶ መኪናዋን ምድጃ ያደርጋታል። ነጭ ገበር ወደ መስታወቱ ቢዞር ግን ብርሃኑ ወደ ሙቀት ሳይለወጥ ወደ ውጭ ይመለሳል።

ገበሩ ከምን ይሁን? አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ጥጥ በዚህ ጨረር ቶሎ ይሳሳል። ፖሊስተርን ይበልጥ የሚጎዳው አጭሩ ሞገድ ሲሆን፣ ያንን ተራ መስታወት ያስቀረዋል። ስለዚህ ነጭ ፖሊስተር ይመረጣል፤ ይሁንና በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከምድጃ አጠገብ ባይሰቀል ይበጃል።

ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። ብርዱን በዋናነት የሚከላከለው በጨርቁና በመስታወቱ መካከል የቆመው አየር ነው። መጋረጃው ከላይና ከታች ክፍት ከሆነ ሞቃቱ አየር ከላይ ገብቶ፣ መስታወቱን ነክቶ፣ ቀዝቅዞ በታች ይወጣል።

እዚህ ላይ ግን ውድ አንባቢ ልብ ይበል! ብርድ በመፍራት መስኮቱን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ውስጥ ከሰል ማንደድ ሕይወትን ያስከፍላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ከሚገኘው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንስ ደኅና ነው» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጋዙ ያኔም ይወጣል። ለቡናውም ቢሆን ከሰሉ ውጭ ይቅር።

የኮምቢ ግድግዳ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። መጋረጃ ግን ስበትን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከመስታወቱ ይርቃል፤ መኪናዋ ስትታጠፍም ይወዛወዛል። የመዞሪያው ፍጥንጥነት 3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ቢሆን፣ መጋረጃው 17 ዲግሪ ያህል ሊያዘነብል ይችላል። በታችም ሽቦ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የላይኛው ሽቦስ? የመሐሉ ርግበት የሚገኘው የመጋረጃውን ክብደት በሽቦው ርዝመት አባዝቶ፣ ለውጥረቱ 8 እጥፍ በማካፈል ነው። መጋረጃው 3 ኒውተን፣ ሽቦው 1.2 ሜትር፣ ውጥረቱ 30 ኒውተን ቢሆን ርግበቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጎረቤቴ በፒንሳ እየጎተቱ ፈጽሞ ሊያቀኑት ሞክረዋል፤ ለዚያ ግን ወሰን የሌለው ውጥረት ያስፈልግ ነበር። ውጥረቱ ሳይለወጥ በመሐል አንዲት ሜንጦ ብትጨመር ርግበቱ ወደ ሩብ፣ ማለትም ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል።