አማካይ ምርት የጎደለበትን ቤት አያሳይም

በምዕራብ በደጋው ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የተከበበው የቆቦ ሜዳ ለማሽላና ለጤፍ የተመቸ ለም መሬት ነው። ዝናቡ ግን አስተማማኝ አይደለም። በልጉ የሚቀርበት፣ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው። በመሆኑም የራያ ገበሬ እንደ ጎቡ፣ ሆርማትና ጎሊና ባሉ ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ይሁን እንጂ ጎርፉ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ከጠለፋው ራስጌ ያለው ማሳ ሲጠግብ የግርጌው ደርቆ ሊቀር ይችላል።

የምርት መጠን በአማካይ ብቻ ሲነገር ይህ ልዩነት ይሸፈናል። ለምሳሌ ያህል የ11 አባወራዎች የማሽላ ምርት በሄክታር 3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ 19፣ 22 እና 47 ኩንታል ነው እንበል። ድምሩ 154፣ አማካዩ 14 ኩንታል ይሆናል። ነገር ግን ከ11ዱ ሰባቱ 14 ኩንታል አላገኙም። አማካዩን ወደ ላይ የጎተተው በአብዛኛው የ47 ኩንታሉ አንድ ማሳ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ። በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ። መሐል ላይ የሚውለው ስድስተኛው ቁጥር፣ ማለትም 10፣ መካከለኛ ይባላል። ከእርሱ በታች ያሉት የአምስቱ ቁጥሮች መሐል 6 ሲሆን አንደኛ ሩብ ይባላል። ከበላይ ያሉት የአምስቱ መሐል ደግሞ 19 ሲሆን ሦስተኛ ሩብ ነው። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ አባወራ ምርቱ ከ6 እስከ 19 ኩንታል መሆኑን መሪው በአንድ ዓይን ያያል።

ይህንኑ በሥዕል ለማሳየት ቁጥር የተጻፈበት መስመር ይሰመርና ከ6 እስከ 19 ሳጥን ይሳላል። በ10 ላይ ሳጥኑን የሚከፍል መስመር ይደረጋል። ከሳጥኑ ወዲህና ወዲያ እስከ 3 እና እስከ 22 ቀጭን መስመሮች ይወጣሉ። ከሳጥኑ ጫፍ፣ የሳጥኑን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ አልፎ የሚገኝ ቁጥር ለብቻው በነጥብ ይመለከታል። በምሳሌው 47 እንዲህ ያለ ነው። ነጥቡ ግን ዝም ብሎ አይሰረዝም፤ የአመዘጋገብ ስህተት ወይስ እውነተኛ ምርት መሆኑ ማሳው ድረስ ተሂዶ ይጣራል። ይህን ሥዕል ያስፋፋው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቆታል። ወረቀት ባይኖር እንኳ በስብሰባ ቦታ መሬት ላይ በእንጨት መሳል ይቻላል።

ዋናው ጥቅም ማነጻጸሩ ነው። የራስጌውና የግርጌው ማሳዎች ሳጥን በአንድ መለኪያ ጎን ለጎን ይሳል። የግርጌው ሳጥን ዝቅ ብሎ ከተገኘ በመጀመሪያ የጎርፍ ተራው መመርመር አለበት። ሁለቱም ሳጥኖች ረጃጅም ሆነው ከተመሳሰሉ ግን ምክንያቱ የዘር ዓይነት፣ የመዝሪያ ጊዜ፣ አቀንጭራ ወይም አገዳ ቆርቁር ሊሆን ስለሚችል በየማሳው ይፈተሽ።

የወሎ ሕዝብ በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. በረሀብ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚዘነጋ አይደለም። የችግር ጊዜ ሲመጣ እርዳታና ዘር ቀድሞ የሚያስፈልገው አማካይ ላይ ላለው ሳይሆን ከአንደኛው ሩብ በታች ላለው ቤት ነው። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ለወረዳው አማካዩን ሲያሳውቁ መካከለኛውን፣ ሁለቱን ሩቦች፣ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር አብረው ቢያቀርቡ የጎደለበት ቤት ሳይረሳ ይታያል።